ለጉልበቴ የጋለው ብረት

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ከከዚራ ሰፈር መጋላ ሰፈር በብስክሌት ደብዳቤ ሳመላልስ ጉልበቴ አላስተኛ አለኝና ወጌሻው አው አብዶሽ ዘንድ ሄድኩላችሁ። አሸት አሸት አደረጉኝና ብረት ከሰል ውስጥ ከተቱ። ብረቱ ፍም ሲመስል "ዓይንህን ጨፍን!" አሉኝ። ላብ በላብ ሆንኩ።

ብረቱን ይዘው ጠጋ ሲሉ፣ በር ላይ ያቆምኳት ብስክሌት ዓይናቸው ገባች። "በዚህች ነው የምትውለው? እስቲ ውጣባት!" እያነከስኩ ሄጄ ወጣሁባት፤ ጉልበቴ ደረቴን ሊነካ ምንም አልቀረው። "እግርህ ሳይዘረጋ ጉልበትህን እንዴት አያምህ? ኮርቻውን ከፍ አታደርገውም?"

"ከእኔ በፊት የነዳት አጭር ሰው ነው። ብሎኑ ዝጎ እምቢ አለኝ።"

"ወላሂ፣ ውረድ! መተኮስ ያለበት ብሎኑ ነው፤ ሲግል ይላላል" አሉና ብረቱን ለጠፉበት።

ጭስስ አለ። ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ የጮህኩት ግን እኔ ነኝ።