ውሃ የሚዞርበት ኮምፒውተር

ከሸሕዲ ወደ መተማ በሚኒባስ ስንሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ትንሽ ሳጥን አቅፋለች። ከእሷ ወዲያ በኩል የተቀመጡ አዛውንት ጠየቋት።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ ያቀፍሽው?»

«ኮምፒውተር ነው፣ አባባ። የሠርግ ቪዲዮ አቀናብርበታለሁ። በዚህ ሙቀት እየጋለ ሥራዬን ሳልጨርስ ይጠፋብኝ ነበር። አሁን በውሃ እንዲቀዘቅዝ አድርጌዋለሁ።»

«ኧረ! ውሃና ኤሌክትሪክ?»

«ውሃው በቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። እንደ ትራክተር ራዲያተር በሉት።»

«ማን ሠራልሽ?»

«ራሴ ነኝ። የመጀመሪያዬ ነው። ሳጥኑ ስለጠበበ ቱቦው እየታጠፈ አስለቀሰኝ።»

«አላፈሰሰም?»

«አፈሰሰ እንጂ! ደግነቱ ውሃውን የሚያዞረውን ፓምፕ ብቻ ነበር ያስነሳሁት፤ ሌላውን ከመብራት ነቅየው ነበር። አደረቅሁና የቱቦውን ማሰሪያ አጠበቅሁት። ከዚያ ከሥሩ ሶፍት አንጥፌ ስጠብቅ ዋልሁ፤ ጠብ አላለም።»

«ከዚያስ?»

«አበራሁት። ስንት ጊዜ ያቋረጠኝ የሠርግ ቪዲዮ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ አለቀ! ብቻዬን እልል አልሁ። ጎረቤቶቼ ‹ታጨሽ እንዴ?› እያሉ መጡ።»

«ምን አልሻቸው?»

«‹ውሃው አልፈሰሰም› አልኋቸው።»

«እሰይ! ታዲያ እነሱስ?»

«ምኑም ሳይገባቸው አብረውኝ እልል አሉ።»

እኔም ቦርሳዬን ከመሀላችን አንስቼ፣ ሳጥኗን የምታሳርፍበት ቦታ ለቀቅሁላት።