ለሃሮልድ ዕድሜ የለመንንበት ግድግዳ

የእኛ ዘመን ሜልበርን የዛሬዋ እንዳትመስላችሁ። ዛሬ እናንተ ታርኔት ላይ ቤት ሠርታችሁ፣ የራሳችሁን ቸርች ገዝታችሁ፣ ፓርኪንግ ጠበበን ትላላችሁ። እኛ ያኔ ፊትዝሮይ፣ መንግሥት የሚያከራየው ፎቅ ላይ ነበርን፣ እና የምናመልክበት ቦታ የለንም፤ ታዲያ ከፎቁ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለ የፈረንጆች ቸርች፣ ጌታ ይባርካቸው፣ እኛ ጠዋት እንጨርሳለን፣ ከሰዓት እናንተ ግቡ አሉን። ኪራይ? ምንም። ጠርጋችሁ ውጡ፣ አለቀ።

ታዲያ ሰው ዝም ብሎ ሲሰጣችሁ ይከብዳል አይደል? ምን እናድርግላቸው፣ ምን እናድርግላቸው ስንል፣ ጋሼ ተስፋዬ፣ የጸሎት መሪያችን ናቸው፣ ድምፃቸው ያለ ማይክ ፎቅ ላይ የሚሰማ፣ አንድ እሑድ ግቢውን ሲያዩ ከጽጌረዳው ጀርባ ያለውን የጡብ ግድግዳ አዩ። ጡቡ ላይ ትንንሽ የናስ ሰሌዳ ተለጥፏል፣ በየሰሌዳው ስም፣ ከስሙ ሥር ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ይላል።

“አገኘኋቸው” አሉ።

“እነማንን?”

“ቸርቹን ያሠሩትን ነዋ። አገር ቤት ቸርች ሲሠራ ጡብ የገዛ ሰው ሁሉ ስሙ ግድግዳው ላይ ተጽፎለት የለም?”

እውነታቸውን ነው፣ እንደዚያ ነበር። “ዓመቱስ ጋሼ?” አልኳቸው።

“በኮሚቴ ያገለገሉበት ነው።”

“ይህን ሁሉ ዘመን?”

“ሰው ኮሚቴ ከገባ መቼ ይወጣል” አሉኝ።

ታዲያ ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ፕሮግራም ሲያልቅ እንወጣና ግድግዳው ላይ እጃችንን ጭነን በየስማቸው እንጸልያለን። “ጌታ ሆይ፣ ሃሮልድን አስበው፣ ዕድሜውን አርዝምለት፣ ጉልበቱን አድስለት” ይላሉ ጋሼ ተስፋዬ፣ እኛ “አሜን”። “ማርጋሬትን ከበሽታ ጠብቃት።” “አሜን።” “ጆይስን ዕድሜ ጨምርላት።” “አሜን።” እንዲህ እያልን ከረምን።

አንዲት ነጭ አሮጊት ነበረች፣ ጽጌረዳው አጠገብ አግዳሚው ላይ የምትቀመጥ። እኛ ስንጸልይ ታለቅሳለች። መንፈስ ነክቷት ነው እንላለን። አንድ ቀን ዳቦ ይዤላት ሄድኩ፤ እኔ አረጋውያን መጦሪያ ሺፍት እሠራ ስለነበር እንግሊዝኛዬ ለአሮጊት ይበቃል። አንድ እጄን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጌ ቆምኩና ዳቦውን ሰጠኋት።

“ሃሮልድ ስትሉ እሰማለሁ፣ ምን እያላችሁ ነው?” አለችኝ።

“እየጸለይንለት ነዋ። ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ጉልበቱን ያድስለት እያልን።”

ዳቦውን ጭኗ ላይ አኖረች። “ሃሮልድ ባሌ ነው። እዚህ ነው ያለው” ብላ ጡቡን መታ መታ አደረገች። እኔ ምን ገብቶኝ!

“አዎ፣ እሱ ነው ያሠራው” አልኳት።

“የለም የኔ ልጅ፣ ውስጡ ነው።”

“የምኑ ውስጥ?”

“የግድግዳው። ሞተ፣ አስከሬኑ ተቃጠለ፣ አመዱ እዚህ ተቀመጠ። እነዚህ ሁሉ እንደዚያ ናቸው፣ የቸርቻችን ሰዎች።”

እጄ ግድግዳው ላይ ነበር። ስሙኝ፣ እጄ ግድግዳው ላይ ነበር! እሳት እንደነካ ሰው ሳብኩት። ሰው ይቃጠላል? ሰው እንደ ማገዶ ነዶ፣ ታፍሶ ግድግዳ ውስጥ ይገባል? ያውም ልጆቻችን ኳስ የሚያነጥሩበት ግድግዳ! ደህና ዋይ እንኳ ሳልላት ወደ ጋሼ ተስፋዬ ሮጥኩ።

“ጋሼ፣ ሞተዋል።”

“ማን?”

“ሁሉም። ኮሚቴው በሙሉ ሞቷል።”

ነገርኳቸው። መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ማቃጠሉ ነው፣ እሳቸውን ግን ሌላ ነገር ነው የመታቸው። ጋሼ ተስፋዬ እኮ ለሞተ ሰው አይጸለይም ብለው፣ የገዛ እናታቸው ሲሞቱ ፍትሐቱ ላይ አልቆምም፣ ተዝካሩንም አልቀምስም ብለው ከወንድሞቻቸው ጋር የተቆራረጡ ሰው ናቸው። “ለእናቴ” አሉ፣ “ለእናቴ እንኳ አንዲት ቃል ያልተነፈስኩ ሰውዬ፣ ለፈረንጅ አመድ ዕድሜ ስለምን ከረምኩ?”

ታዲያ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ግድግዳው ጋ መቆም ይቅር ተባለ። በሚቀጥለው እሑድ እንደጨረስን ሁሉም በዋናው በር ውልቅ ውልቅ አለ። እኔ ጠርጌ ብወጣ አሮጊቷ ደህና ካፖርቷን ለብሳ፣ ሊፕስቲክ ተቀብታ ቁጭ ብላለች። ጋሼ ተስፋዬ በሩን ሊቆልፉ ቁልፉን ይዘው ቆመዋል።

“ዛሬ አልጠራችሁንም” አለች።

“እነማንን?”

“እኔንና ሃሮልድን።”

ሰሌዳውን አሳየችን። ሃሮልድ ይላል፣ ከሥሩ ጆይስ ይላል። ጆይስ ለካ እሷ ናት! በቁሟ ስሟን አስቀርጻ፣ የተወለደችበትን አስጽፋ፣ የምትሞትበትን ባዶ ትታ ከባሏ ጎን ቦታዋን ይዛለች። እኔ እንደገና ክው አልኩ። ሰው እንዴት መቃብሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይበላል?

“ሐኪሙ ከሰጠኝ ጊዜ አልፌአለሁ፣ ለካ እናንተ ናችሁ ያቆያችሁኝ” ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ “ልጅ የለንም። ሃሮልድ ከሞተ ወዲህ ስሙን ጮክ ብሎ የጠራው ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው። እሱን ልሰማ ነው የምመጣው” አለችኝ።

ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ተስፋዬ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። “ንገሪያት” አሉ፣ “ለሃሮልድ ምንም ልለምን አልችልም፣ እሱ ጌታ እጅ ገብቷል። ስለ እሱ ማመስገን ግን እችላለሁ። ለእሷ ደግሞ እለምናለሁ።” እና ሄደው ግድግዳው ላይ እጃቸውን ጫኑ፤ አመድ መሆኑን እያወቁ፣ ጫኑ! “ጌታ ሆይ፣ ሃሮልድን ለዚህች ሴት ስለ ሰጠሃት ተመስገን” አሉ በዚያ ድምፃቸው፣ አሮጊቷ ስሙን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች፣ “ጆይስን ዕድሜ ጨምርላት” አሉ፣ እኔም አሜን አልኩ። አለቀ ብዬ መጥረጊያዬን ላነሳ ስል ድምፃቸው ዝቅ አለ።

“እናቴን የሺመቤትንም ስለ ሰጠኸኝ ተመስገን” አሉ።

እኔ ከአገር ቤት ጀምሮ የማውቃቸው፣ የእናታቸውን ስም ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ደንግጬ አሜን ማለቱም ጠፋኝ።

“እና እትዬ በለጡ፣ ኃጢአት ነው?” ትሉኛላችሁ። ማመስገን? እኔ እንጃ፣ ፓስተራችሁን ጠይቁ፣ እሱ ተምሯል። እኔ ለልጆቼ ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ ስሞት እንዳታቃጥሉኝ፣ ግድግዳ ውስጥም እንዳትከቱኝ፣ አፈር አልብሱኝ፤ ስሜን ግን ጮክ ብላችሁ ጥሩት አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰላችሁ? “ኦኬ፣ ማሚ።” ሃሃ! “ስሜ በለጡ ነው” አልኳቸው፣ “ማሚ ብላችሁ የጠራችሁ እንደሆነ፣ እዚያ መቃብር ስፍራው ያለች የማንም እናት ብድግ ትላለች።”