ሁለት ጠርሙሶች

ከጄኔቭ ከተማ ዳር ወዳለችው ወደ ሜራን በሚሄደው ትራም ውስጥ ቆሜ ሳለሁ የአቶ ከተማን ድምፅ ሰማሁ። አቶ ከተማ የጄኔቭ ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሀጅራ ደግሞ ከወሎ ተሰዳ መጥታ አሁን በአንድ ላቦራቶሪ ሙያ የምትማር ወጣት ናት። ሰላምታ ተለዋወጥንና ክርክራቸው መሐል ገባሁ።

ሀጅራ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የታተሙ የኬሚስትሪ መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት አግኝታ አንብባለች። ያኔ የዩኒቨርሲቲ በር ለሴቶች ዝግ ነበርና፣ አንዳንድ ጸሐፊዎች ትምህርቱን መምህርና ተማሪ እንደሚጨዋወቱ አድርገው ጻፉት። ከቀመር በፊት ስለ ሙቀት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ኮምጣጤ ያወራሉ። እሷም በጽዳት ሥራ ለሚተዳደሩ እናቶች በዚያው መንገድ በአማርኛ ላስተምር ብላ የማኅበሩን አዳራሽ ጠየቀች። አቶ ከተማ ከለከሏት።

«ልጄ፣ ግማሽ ዕውቀት ካለማወቅ ይብሳል» አሉ ቆጣ ብለው። «በጨዋታ የተማረች ሴት ቤቷ ልሞክር ብላ ብትቃጠል ተጠያቂው ማን ነው?»

«አባባ፣ አሁንም እኮ ይሞክራሉ። ምን እንደያዙ ሳያውቁ።»

«የማጽጃው ጠርሙስ ላይ ተጽፏል።»

«በፈረንሳይኛ ነው፣ አባባ።»

እውነቱን ለመናገር የሁለቱም ስጋት ተገቢ መሰለኝ። ስንወርድ አቶ ከተማ ቢቆጡም ይሉኝታ ይዟቸው ቤታቸው ለሻይ ጋበዙን።

በሩን እንደከፈቱ የሚቆረቁር ሽታ ጉሮሯችንን ያዘው። ከመታጠቢያ ቤት የባለቤታቸው የወይዘሮ ተናኘወርቅ ሳል ይሰማል። ሀጅራ ትንፋሿን ይዛ ገባችና ጎትታ አወጣቻቸው፤ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግታ የሳሎኑን መስኮት እንድከፍት አዘዘችኝ፤ ወዲያው ሁላችንንም ወደ ደጅ አስወጣችን። አምቡላንስ ጠራሁ። አቶ ከተማ ሚስታቸውን ደግፈው ደጃፉ ላይ አስቀመጧቸው።

በሆስፒታሉ፣ ሐኪሙ ሳንባቸው እንዳልተጎዳ ነገረን።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ በተዘጋ ድምፅ «በረኪናው አልበቃ ቢለኝ ቧንቧው ላይ የሚጋገረውን ኖራ የሚያስለቅቀውን ፈሳሽ ጨመርኩበት» አሉ። «ሁለቱም ያጸዳሉ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበረታሉ ብዬ።»

«በርትተዋል፣ እትዬ፤ ግን በቆሻሻው ላይ አይደለም» አለች ሀጅራ። «ያ ኖራ የሚያስለቅቀው አሲድ ነው። አሲድ በረኪናን ሲነካው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ የሳንባን እርጥበት ሲያገኝ ያቃጥላል።»

«ይኸው ነው? ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ነው እንዳንሰማ የከለከለን?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

አቶ ከተማ አንገታቸውን ደፉ። «አደጋው ከትምህርቱ ጋር ይመጣል ብዬ ፈራሁ» አሉ። «ለካ አደጋው ቀድሞ ቤቴ ገብቷል፤ ያልገባው ትምህርቱ ነው። አዳራሹ ያንቺ ነው፣ ልጄ።»

ትምህርቱ ተጀመረ። ሴቶቹ የማጽጃ ፈሳሽ ከፈሳሽ መደባለቁን ተዉ፤ ምን እንደያዙ ስላወቁም ጓንት ይሰጠን ብለው አሠሪዎቻቸውን መጠየቅ ጀመሩ። ዕውቀት ወደ ሰው በሰው ቋንቋ ሲመጣ እንዲህ እጅንም አንደበትንም ይፈታል።

በመጀመሪያው ቀን ሀጅራ ሻማ ለኩሳ ነበር። ሁሉም ነበልባሉን ሲያይ፣ አቶ ከተማ ከኋላ ወንበር እጃቸውን አወጡ።

«ይቅርታ፣ መምህርት» አሉ፤ «ሻማው ነዶ ሲያልቅ ሰሙ የት ነው የሚሄደው?»