የእመት ፈትለወርቅ የኮሶ ዋንጫ

ሐሙስ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፥ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ትውልድ መንደሬ በሚወስደው መንገድ እጓዝ ነበር። ጎንደር የነርስነት ትምህርቴን ጨርሼ ወላጆቼን ልጠይቅ መምጣቴ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ገብስ አጨዳ ወርዶ ስለ ነበር ከየቤቱ ጭስ አይታይም፤ ውሻ እንኳ አልጮኸብኝም። እመት ፈትለወርቅን ብቻ በተዘጋ በራቸው ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገና አጠገባቸው ሳልደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቁሚ! ጥላሽ በበሩ ላይ እንዳያርፍ።»

ወደ ግድግዳው ጥግ ፈቀቅ ብዬ እጅ ነሣሁ። «ደህና አደሩ፥ እመት ፈትለወርቅ? ማን ታሞብዎት ነው?»

«ማንም አልታመመብኝም። ልጄ ንግስት ኮሶ ጠጥታ ነው። አንቺ የፈንታው ልጅ ሐረገ ወይን አይደለሽም እንዴ? ከፀሐይ የመጣ ሰው ጥላው ኮሶ የጠጣን እንደሚወጋ ጎንደር አላስተማሩሽም?»

«አላስተማሩኝም፥ እናቴ። የእርስዎን ትምህርት ግን ስላልረሳሁ ይኸው ጥግ ይዣለሁ።»

ፈገግ አሉ። ኮሶ የጠጣ ሰው የሆዱ ትል እስኪወርድለት እንደማይናገር፥ ማንም እንደማይገባበት በአገራችን የታወቀ ነው። ንግስትም ሲወርድላት የግድግዳውን እንጨት በዋንጫው ሦስት ጊዜ ልትመታ ከእናቷ ጋር ተስማምታ ነበር።

«መቼ ጠጣች?»

«ዶሮ ሲጮህ። እምቢ ቢላት ጎህ ሲቀድ ደገምኩላት።»

«በምን ለክተው?»

«በዋንጫው ነዋ! አባቷን፥ እኔን፥ አምስት ልጆቼን ያጠበ ዋንጫ ነው። ወይስ እንደ ጨው ነጋዴ ሚዛን ልስቀል?»

«አባቷ ቀኑን ሙሉ የሚያርሱ ብርቱ ሰው ነበሩ፤ ንግስት ደግሞ ቀጭን ናት። በተማርኩበት ሐኪም ቤት ኮሶ ጠጥተው የተጎዱ ሰዎች ይመጡ ነበር። ሐኪሞቹ እያንዳንዱን ጠይቀው፥ የዳነውን ካልዳነው ጋር ሲያነጻጽሩ፥ ክፉኛ የተጎዱት የተደገመላቸው፥ ሰውነታቸው የደከመ፥ ይልቁንም እርጉዞች ሆነው አገኟቸው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ጠጪው ግን አንድ አይደለም።»

«እርጉዝ ማን አለሽ? ባሏ ለሥራ ቆላ ስለ ወረደ ከፍልሰታ ጀምሮ ከእኔው ጋር ናት። የበላችውን የሚያስመልሳት ትሉ ነው።»

«ትሉን ዓይተዋል?»

ይህን ስል፥ ከወዲያኛው ግድግዳ «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ሰማሽ? ደህና ናት!»

ሁለተኛውን ጠበቅን። አልመጣም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቃሌን ዝቅ አድርጌ፥ «ይቅርታዎን፥ ንግስት የወር አበባዋን ልብስ ልታጥብ ወንዝ ከወረደች ምን ያህል ጊዜ ሆናት?» አልኳቸው።

ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ቃላቸው የሌላ ሰው እስኪመስለኝ ድረስ ቀጥኖ፥ «እዚህ ከመጣች ወዲህ አንድም ቀን አልወረደችም» አሉ።

አንባቢ ሆይ! ይህች ጥያቄ ከዋንጫው ብትቀድም ምን ገንዘብ ታስወጣ ነበር? የሚጠጣው ሰው ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚሰማው፥ ሴትም ከሆነች ማኅፀኗ ምን እንደ ያዘ አስቀድሞ መጠየቅ እናትን ከነልጇ ያተርፋል። የጠጣውንም ገብቶ ማየት ሞትን ከደጅ ይመልሳል።

ወዲያው አንድ ነገር መሬት ለመሬት ሲጎተት ሰማን። «ቋ» አለ፤ አሁን ግን ከበሩ ሥር፥ ከእግራችን አጠገብ ነበር።

«መደቧ ከወዲያኛው ግድግዳ ነው» አሉ እመት ፈትለወርቅ። ብድግ ሲሉ በበሩ ላይ ያረፈው የራሳቸው ጥላ ነበር። «ልጄ፥ ከእንግዲህ ሳትጠየቅ ኮሶ የምትጠጣ ሴት በደጄ አትኖርም። ለጎረቤቱም ሁሉ እነግራለሁ። አሁን ምን ላድርግ?»

«እንክፈት። አጫጆቹን ጠርተን በቃሬዛ ሐኪም ቤት እናድርሳት።»

በሩን ገፋነው። ጥቂት ሄደና አንድ ለስላሳ፥ ከባድ ነገር ያዘው። በበሩ ክፍተት በኩል ዋንጫው ተንከባልሎ ወጣ።

እመት ፈትለወርቅ ተንበርክከው አፋቸውን ከክፍተቱ አስጠጉ።

«ንግስትዬ፥ እናትሽ ነኝ። መናገር ተፈቅዶልሻል። ከበሩ ጥቂት ፈቀቅ በይልኝ።»