በ«የጉም ደጃፍ» መጨረሻ ወረቀት ላይ ስለተገኘው የኃይለየሱስ ጽሕፈት

የምስክሩ ስም፦ ከዲሮ ሁሴን ገመቹ
ዕድሜ፦ 21
ሥራ፦ ጎሚስታ
የትምህርት ደረጃ፦ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ
አድራሻ፦ አርሲ ክፍለ ሀገር፣ አሰላ ከተማ፣ ቀበሌ 07
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኔ 10 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ገብረወልድ አያና

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ወደ ጣቢያው የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ነው። ከአሁን በፊት በቀልድ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተይዤ ስለማውቅ የበር ጠባቂው «ዛሬ ደግሞ በማን ልታሾፍ ነው?» ብሎ ለግማሽ ሰዓት ውጭ አቁሞኛል። የመጣሁት መጽሐፍ አከራዩ ጋሼ ኸይሩ ያለ ጥፋታቸው አሥራ አንድ ቀን ስለታሰሩ ነው። ተፈላጊ ሰው ደብቀዋል ያሰኛቸውን ጽሑፍ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ ኸይሩ እኔ ከምሠራበት ጎሚስታ ፊት ለፊት ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣሉ፤ መጽሐፍም ያከራያሉ። በሱቃቸው የቆየ ደንብ አለ። በየመጽሐፉ መጨረሻ ባዶ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ አንባቢው መጽሐፉን ሲመልስ የተሰማውን ጽፎ ስሙን ያሰፍራል። ቀጥሎ የሚከራየው ሰው ከመጽሐፉ በፊት ወረቀቱን ያነባል። አንዳንዱ ወረቀቱን ብቻ አንብቦ መጽሐፉን አነበብሁ ይላል። እንደዚህ ያሉትን በስም ልጠራ ስል ቃል ተቀባዩ ወደ ጉዳዩ እንድገባ አሳስበውኛል።

በሚያዝያ ወር 1975 ዓ.ም. «የጉም ደጃፍ» የሚባል ሽፋኑ የተቀደደ ልብ ወለድ ወደ ሱቁ ገባ። አንድ መሬት ቀያሽ ወደ ደጋ መንደር ይሄድና ገጽ 40 ላይ ሞቶ ይገኛል። ማን እንደገደለው እስከ ገጽ 312 ይፈለጋል። ደራሲው ግን ገዳዩን በመፈለግ ፋንታ ስለ ጉሙ፣ ስለ ረጠበ ገብስ ሽታ፣ አረንጓዴ መስኮት ስላለው አንድ ቤትና መስኮቱ ላይ ቆማ ሰው ስለምትጠብቅ ሴት ሲያወራ ይውላል። መጨረሻው ላይም ገዳዩን ቁርጥ አድርጎ አይናገርም። በዚህ ምክንያት ሰዉ ለሁለት ተከፈለ።

ጡረተኛው መምህር ገብረ መድህን ወረቀቱ ላይ «ይህ መጽሐፍ አይነበብም፣ ይኖሩበታል እንጂ። የጉሙን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት» ብለው ጻፉ። የጭነት መኪና ሾፌሩ ሽኩር ከሥራቸው «አንድ ሬሳ ለማየት አርባ ገጽ ሙሉ ጉም ውስጥ መብራት አብርቼ ነዳሁ። ጉም የናፈቀው ከእኔ ጋር ደጋው ጮሌ ከተማ ድረስ ይምጣ፣ በነጻ አሳየዋለሁ። ገዳዩን ያወቀ ይንገረኝ» ብሎ ጻፈ። ነርስ ሙሉዬ ደግሞ «መስኮቱ ላይ የቆመችው ሴት አብራኝ ቤት ገባች። መጽሐፉን ሦስት ቀን ሻንጣ ውስጥ ቆለፍሁበት። ከዚያ አውጥቼ ጨረስሁት» ብላለች።

መምህር ገብረ መድህንና ሽኩር ሱቁ በር ላይ ሲገናኙ ይከራከሩ ነበር። መምህሩ «አንተ መጽሐፍ የምታነበው እንደ ጭነት ቶሎ አራግፈህ ለመሄድ ነው» ይሉታል። ሽኩርም «እርስዎስ ጋሼ? ሰውዬው ሞቶ ወድቆ እርስዎ የገብስ ሽታ ያሸታሉ!» ይላቸዋል። እኔ ጎማ እየነፋሁ ሁለቱንም አጋግል ነበር። ለሽኩር «ገዳዩ መምህሩ ናቸው፣ ገጽ 200ን እይ» እለዋለሁ። በኋላም ወረቀቱ ላይ «እኔ ሟቹ ቀያሽ ነኝ። የተገደልሁት ገጽ 40 ላይ ሲሆን ስለ ጉሙ እየተወራ እስከ ገጽ 300 ድረስ የቀበረኝ የለም። አቤት እላለሁ» ብዬ ጻፍሁ። ከተማው ሳቀ። መምህሩም ሳይቀሩ ሳቁ። ይህ አጠገበኝ።

ግንቦት 3 ቀን 1975 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ጋሼ ኸይሩ ለሶላት በወጡበት ጊዜ ሱቁን እንድጠብቅ ነገሩኝ። ሰዉን ከማሳቅ ይልቅ ማስደንገጥ አማረኝ። በሕይወት ባለ ሰው ስም ብጽፍ ባለቤቱ መጥቶ ይክዳል ብዬ አሰብሁና በመምህር ኃይለየሱስ ተክሌ ስም ጻፍሁ። መምህር ኃይለየሱስ ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ሲሆን በ1970 ዓ.ም. ጥር ወር ለጥያቄ ተፈልገው ከሄዱ ወዲህ አልተመለሱም፤ በመዝገብ ግን እስከ ዛሬ ተፈላጊ ናቸው። የጻፍሁት ቃል በቃል «ጉሙን በትክክል ገልጾታል። እኔ ያለሁበትም እንዲሁ ነው። መስኮቱ አረንጓዴ ነው። አትቸኩሉ» የሚል ነው። እንዲህ የሚል ቃል ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ስጀምር እየሳቅሁ ነበር፤ ስጨርስ አልሳቅሁም።

ጽሕፈቱ የእሳቸው እንዲመስል ሆን ብዬ አላደረግሁም። ተማሪ ሳለሁ ባጠፋሁ ቁጥር መምህር ኃይለየሱስ ከትምህርት በኋላ አስቀርተው አንድ መስመር በደብተሬ ላይ ራሳቸው ይጽፉና ያንኑ መስመር መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ አስመስዬ እንድጽፍ ያደርጉኝ ነበር። «ሁለተኛ በሰው አልቀልድም» የሚለውን የጻፍሁትን ያህል ስሜን ጽፌ አላውቅም። የእሳቸው «ላ» አንድ እግሩ ረዝሞ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። የእኔም ይወርዳል። ሌላ ዓይነት ጽሕፈት አልተማርሁም።

ግንቦት 8 ቀን መምህር ገብረ መድህን የጉሙን ምዕራፍ ለሦስተኛ ጊዜ ለማንበብ መጽሐፉን ሲከራዩ ጽሑፉን አዩ። ከመምህር ኃይለየሱስ ጋር ስምንት ዓመት አብረው ስላስተማሩ ጽሕፈቱን ያውቁታል። መጽሐፉን ይዘው ወደ መምህር ኃይለየሱስ እናት ወደ እትዬ አሰፋች ቤት ሄዱ። እኔ ከጎሚስታው በር ሆኜ ሲሄዱ አይቻለሁ። ሮጬ «ጋሼ፣ ቀልድ ነው» ማለት እችል ነበር። አላልሁም። በዚያ ዕለት ፈርቼ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በሌላ ምክንያት ነው።

እትዬ አሰፋች ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ሲሆን ከዚያ በፊት ማንበብ አይችሉም ነበር። መጽሐፉን በጣታቸው እየተከተሉ አሥራ ሰባት ቀን አነበቡት። ሰዉ ሁሉ ልብ ወለድ ብሎ ያነበበውን እሳቸው ልጃቸው ያለበትን የሚነግር ደብዳቤ አድርገው አነበቡት። ሽኩር የዘለለውን ጉም እሳቸው አልዘለሉትም። መንገዱ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሆነ፣ ቤቱ ስንት ባሕር ዛፍ እንዳለው በደብተር ገለበጡ። እንዲህ ያለ ጉም የት እንዳለ ሽኩርን ቢጠይቁት ያው እንደ ልማዱ «ጮሌ ነዋ፣ እማማ» አላቸው። ሰፈር ውስጥ ሳገኛቸው ፊታቸው ተለውጦ ነበር። «አንተ ወስላታ፣ ደህና ነህ?» ብለው ሳሙኝ። ስመውኝ አያውቁም ነበር። ሌላው ምክንያት ያልሁት ይህንን ነው።

ግንቦት 26 ቀን ወደ ጮሌ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ጠየቁ። ጸሐፊው የጉዞውን ምክንያት ሲጠይቃቸው «ልጄን ለመጠየቅ» ብለው አስመዘገቡ። መዋሸት አላሰቡም፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነበርና። በማግስቱ በሽኩር መኪና ጋቢና ተሳፍረው ሄዱ። ግንቦት 29 ቀን ሲመለሱ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ነበር። የይለፍ ምዝገባውና የመጽሐፉ ወሬ ጣቢያ ደርሶ ኖሮ፣ በዚያው ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት ጋሼ ኸይሩ ተያዙ፤ ወረቀቱም ከመጽሐፉ ተቀዶ ተወሰደ። የቀሩትን መጻሕፍት ባለቤታቸው ዙቤዳ በጆንያ ሞልተው ወደ ጓዳ አስገቡ። ሱቁ እስከ ዛሬ ዝግ ነው።

ትናንት ሰኔ 9 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት እትዬ አሰፋች ቤት ሄድሁ። አልጋ ተነጥፏል፤ ከአልጋው ሥር የወንድ ጫማ ቀለም ተቀብቶ ተቀምጧል። ቁጭ ሳልል ነገርኋቸው። እንደሚረግሙኝ ወይም እንደሚጮሁ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን «አረንጓዴ መስኮት ያለው ቤት እኮ አግኝቻለሁ። በሩ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥሁ። ሰዎቹ ወተት ሰጡኝ። ልጅ ግን አላየንም አሉኝ» አሉ።

ከዚያ የልጃቸውን አሮጌ ደብተር አመጡና ከጽሕፈቱ ሥር የመምህር ኃይለየሱስን ስም እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍሁ። የላይኛውንና የታችኛውን በጣታቸው እያመላለሱ ብዙ ጊዜ አዩት። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ የእኔ ነው» አልኋቸው። «የአንተ አይደለም» አሉኝ። «ይህ የልጄ ጽሕፈት ነው። አንተ ዘንድ ትቶት ሄዶ ነው እንጂ አንተማ መቼ እንዲህ ታምራለህ።» ቀጥለውም «አሁን ሂድና ኸይሩን አስፈታ። የሰው ባል በእኔ ልጅ አይታሰር» አሉ። ስወጣ ጫማውን ከአልጋው ሥር አነሱት። የት እንዳደረጉት አላየሁም።

ዛሬ ጠዋት በቃል ተቀባዩ ትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በፊታቸው አሥር ጊዜ ጽፌያለሁ። አንድ መሆኑን አይተዋል። ጋሼ ኸይሩ ስለ ጽሑፉ የሚያውቁት ነገር የለም፤ መምህር ኃይለየሱስንም ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ አላዩም። እኔም አላየሁም። ነገር ግን ጎማ ላይ የባለቤቱን ስም በጠመኔ ስጽፍ የ«ላ»ው እግር ሲወርድ አየዋለሁ፤ ያን ጊዜ ከኋላዬ ቆመው መስመሩን የሚቆጥሩልኝ ይመስለኛል። መቶ ሳይሞላ ወደ ቤት አይለቁኝም ነበር።

መጽሐፉን በተመለከተ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለሽኩር አልነገርሁትም እንጂ ገዳዩን እኔም አላወቅሁትም።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ጋሼ ኸይሩ ዛሬ ይፈቱ። ጉዳዩ ሲዘጋ ደግሞ ወረቀቱ እንዳይቀደድ፣ ለእትዬ አሰፋች ይሰጥልኝ።

ከላይ የሰፈረው የራሴ ቃል ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላስጠናኝም። ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። በሕይወቴ ያለ ቀልድ የተናገርሁት ረጅሙ ነገር ይህ ነው፤ እውነት ነው።

የምስክሩ ፊርማ፦ (የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)

ማስታወሻ፦ ምስክሩ መጻፍ የሚችል ቢሆንም «በዚህ ጽሕፈት ሁለተኛ ስም አልጽፍም፣ የእኔ የሆነው ጣቴ ብቻ ነው» በማለቱ በራሱ ጥያቄ በአሻራ ፈርሟል።

ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ገብረወልድ አያና (ፊርማ)