ጭራው የተቆረጠ ቪዲዮ

ያን ቀን ጠዋት ጋሽ ካሴት ደረጃው ላይ ከጎረቤታቸው ጋር ባይገጣጠሙ ኖሮ ጉዱ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ሰውየው ከቤት የወጡት መቀመጥ አቅቷቸው ነው። ስልካቸው «ቦታ ሞልቷል» እያለ ይነዘንዛቸዋል፤ ባለቤታቸው ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ሳሎን ሲመላለሱ ወለሉን ሊጨርሱት ነው፤ ጽሑፍ ሠሪው ደግሞ የሱቁን አዲስ ታፔላ ሊጽፍ ረፋድ ላይ ይመጣል። ታፔላው «ካሴት እና ልጅ» እንዲል ታዟል።

ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ድሮ የፊልም ካሴት ሲያከራዩ ነው። ካሴቱ ዘመኑ አልፎበት ሱቁ ፊልምና ቪዲዮ በፍላሽ ወደ መገልበጥ ቢዞርም ስሙና ጢማቸው ግን አልተለዩዋቸውም። ጢሙ የላይኛውን ከንፈር ሸፍኖ የታችኛውን ሊሳለም ምንም አልቀረው። ጎረቤታቸው በቴሌቪዥን ጣቢያ የምስል አርታኢ ናት፤ የተማረች፣ ሰው አክባሪ፣ ነገር ግን የማታውቀውን ነገር ሳትጠይቅ የማታልፍ።

«ደህና አደሩ ጋሼ? ምነው እንዲህ መጣደፍ?»

«እሰይ፣ እንኳን አገኘሁሽ! ይቺን ስልክ አቅልዪልኝ። የልጄ ቪዲዮ ተጭኗት መተንፈስ አቃታት። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ነገር የሠርግ ያህል ይከብዳል? እኔ አሳንሼ፣ ጭራውንም ቆርጬ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዋናውን ደምስሺልኝ።»

«ጭራው ማለት?»

«ድምፅ የሌለው መጨረሻው ነዋ! ልጄ ‹እሺ አባዬ፣ እመለሳለሁ› ብላ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ አፏ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም። ባዶ ነገር ቦታ ከሚይዝ ብዬ ቆረጥኩት።»

አርታኢዋ ስልኩን ተቀበለቻቸው፤ አልደመሰሰችም ግን። «እትዬ ከሕመማቸው ወዲህ ጆሯቸው አይሰማም፤ ከንፈር እያዩ አይደል የሚግባቡት?»

«አዎ፣ ታዲያስ?»

«ታዲያ ጋሼ፣ ድምፅ የሌለው ንግግር ለማን የተነገረ ይመስልዎታል?»

ጋሽ ካሴት ቁጣቸው መጣ። «እንግዲህ አንቺም እንደ እሷ ልታደርቂኝ ነው! ‹የመጨረሻዋን ቃል አልለየኋትም› እያለች ደጋግማ ስታስከፍተኝ አይደል ተናድጄ የቆረጥኩት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ሩቅ አገር የከርሰ ምድር ውሃ ፈላጊ ናት። አባት «እኔ አርጅቻለሁ፤ ሥራሽን ትተሽ ሱቁን ተረከቢ» ብለው ቁርጥ ያለ መልስ ጠየቋት። እሷም ይህን ቪዲዮ ልካ ኔትወርክ ወደሌለበት መስክ ወጣች፤ ደውሎ መጠየቅ አይቻልም። እናት ደግሞ ያቺን ቃል ሳያውቁ ታፔላው እንዳይጻፍ ፈልገዋል። ስልኩ ላይ ፊቷ አንሶባቸው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ደብዝዞባቸው፣ ቃሏ «እፈልጋለሁ» ትሁን «አልፈልግም» መለየት አልቻሉም።

ሁለቱ ተያይዘው ገቡ። እናትየዋ አርታኢዋን ሲያዩ እጇን ይዘው ወደ ቴሌቪዥኑ ጎተቷት። «ተመልከቺልኝ፤ ልጄን አወፍሮ አመጣት!» አሉ። እውነትም የልጅቷ ፊት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተለጥጦ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ ተዘርግቷል።

«ማን ነው እንዲህ የለጠጣት?»

«እኔ ነኝ። ስልኩን አቁማ ስለቀረጸችው ግራና ቀኙ ጥቁር ሆነ። ቴሌቪዥኑን ስገዛ ለጥቁሩም ቦታ እኮ ከፍያለሁ! ብርሃኑንም እስከ ጥግ ጨመርኩት፤ ጥርት እንዲል።»

«ብርሃንና ጥራት አንድ አይደሉም፣ ጋሼ። ብርሃን ሲበዛ ፊቷ ነጥቶ ከንፈሯና ጉንጯ ይመሳሰላሉ። ይህ የብርሃን ልክ ቴሌቪዥን መሸጫ ውስጥ ገዢ ለመጥራት የተሠራ እንጂ ቤት ውስጥ ሰው ለማየት አይደለም።»

«ስፋቱስ? በዚህ ላይ ያልታየ ከንፈር በምን ሊታይ ነው?»

«ስፋቱ ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይወልድም። ዲጂታል ምስል በትንንሽ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ ፒክስል ይባላሉ። እርስዎ ሲያሳንሱት አብዛኞቹን ነጥቦች ጣሏቸው። ቴሌቪዥኑ የቀሩትን ጥቂቶች ጎትቶ ነው ግድግዳ የሚያለብሰው።»

«ወተቱን በውሃ አበዛሁት ነው የምትዪኝ?»

«አዎ። በዚያ ላይ ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚገላበጡ ፎቶዎች ናቸው። ቦታ ይቆጥባል ብለው ግማሾቹን ቀነሱ። ከንፈር ገጥሞ የሚከፈተው ዓይን እስኪርገበገብ ነው፤ ያቺ ፎቶ ከተጣሉት አንዷ ብትሆንስ?»

ጋሽ ካሴት ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። ዕድሜ ልካቸውን ፊልም ሲያሳዩ ኖረው ስለ ምስል መመከራቸው ከንክኗቸዋል። ባወቁት ሙያ መመከር ባላወቁት ከመመከር ይበልጥ ያማል። «በእኔ ጊዜ ሕዝብ በዝናብ የተመታ የሚመስል ካሴት እያየ ያለቅስ ነበር! ታሪኩ ከገባሽ ምስሉ ምን ያደርግልሻል?»

«ለሚሰማ ሰው እውነት ነው፤ ድምፁ ይመራዋል። ለእትዬ ግን ምስሉ ራሱ ድምፅ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይህ ቪዲዮ ለምን እንደከበደ ያውቃሉ? እንደ ፋይል አድርጋ ነው የላከችው። እንደ ተራ ቪዲዮ ብትልከው መላኪያው መተግበሪያ ራሱ ጨምቆ ያቀለው ነበር። እናቷ ከንፈሯን እንዲያነቡ ብላ ሆን ብላ ከባዱን መረጠች።»

ይህችኛዋ ገባቻቸው። እጃቸውን አወናጭፈው «በይ፣ እንዳሻሽ አድርጊው» አሉና መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ።

አርታኢዋ ዋናውን ቪዲዮ በገመድ ከስልኩ ወደ ቴሌቪዥኑ አሻገረች። ብርሃኑን ቀነሰች፤ መለጠጡን አጠፋች፤ መጋረጃውንም ሳበች። ግራና ቀኝ ጥቁሩ ተመለሰ፤ በመሀሉ ልጃቸው፣ ከንፈሯ በፀሐይ መድረቁ ሳይቀር እየታየ፣ ራሷን ሆና ቆመች። እናት ወንበራቸውን አስጠጉ። ጭራው ሲደርስ በዚያ ወጣ ገባ በማይል ድምፃቸው እየተከታተሉ ተናገሩ፦

«እማ... ለአባዬ እምቢ ማለት ያቅተኛል... ሱቁን እወደዋለሁ... እኔ ግን ከውሃዬ ጋ ነኝ... መመለስ አልፈልግም።»

«‹እፈልጋለሁ› ይሆናል!» ጮኹ ጋሽ ካሴት። «መልሺው! ቀስ አድርጊው!»

አርታኢዋ መልሳ በዝግታ አሳየቻቸው። «‹ሁ› ከሆነ ከንፈሯ ሞጥሞጥ ይላል፤ ‹ም› ከሆነ ይገጥማል። እርስዎ ራስዎ ይፍረዱ።»

የልጅቷ ከንፈር ገጠመ። ዓይኗም አብሮ ተጨፈነ። አባት ይህን አዩ፤ ልባቸው ተሰበረ። ልጃቸው እምቢ በማለቷ አልነበረም የከፋቸው፤ እሷን የሚያህል ልጅ እምቢ ለማለት ድምፅዋን መደበቅ ስላስፈለጋት ነው።

በሩ ተንኳኳ። ጽሑፍ ሠሪው ብሩሹንና ቀለሙን ይዞ ቆሟል። ጋሽ ካሴት ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና «‹እና ልጅ› የሚለውን ተወው» አሉት።

«ቦታው ባዶ ሊቀር ነው፣ ጋሼ?»

«ባዶ የሚባል ነገር የለም። ‹ዋናውን አንደመስስም› ብለህ ሙላበት።»

ያ ጽሑፍ ዛሬም አለ። ወደ ሱቁ የሚመጣ ሁሉ ምክሩን ሰምቶ ይወጣል፦ ቅጂውን ብታሳንስ ዋናውን አስቀምጥ፤ ቁም ነገር ያለበትን እንደ ፋይል ላክ፤ ስክሪን ለመሙላት ብለህ ሰው አትለጥጥ። አንዲት እናት የሟች ልጇን ሳቅ፣ አንድ ሽማግሌ የወንድሙን ፊት ሳይደበዝዝ ያገኙት በዚህ ምክር ነው።

የዚያን ዕለት ግን ገና አንድ ሥራ ቀርቷቸው ነበር። ለልጃቸው መልስ ለመቅረጽ ስልኩን ለአርታኢዋ ሰጥተው፣ መጋረጃውን ገልጠው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው፣ ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸው ብቻ ተናገሩ። ሲጨርሱ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «እንዴት ነው? ይነበባል?»

እናትየዋ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። «ጢምህ ሸፍኖታል። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ አንተን የማነበው ግማሹን በግምት ነው።»

«እና እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ፤ አልሰማህም።»

ጋሽ ካሴት መሳቢያውን እየከፈቱና እየዘጉ መቀስ ፍለጋ ጀመሩ።