ስትወልጂ ይተውሻል

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ባለው ወንበር አንዲት አሮጊትና አንዲት ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አይተዋወቁም። ወጣቷ መኪናው በነጠረ ቁጥር ሆዷን ትይዛለች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ! ሕፃኑን ማን ያዘው?»

«አልወለድኩም እማማ። ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው። መግል አወጡልኝ።»

«መግል? ከሆድሽ?»

«የእንቁላል ማምረቻዬ ላይ ደም የቋጠረ ከረጢት ነበር። እሱ አመረቀዘ። መግሉን ጠርገው ከረጢቱን ልጠው አወጡት።»

«ማህፀንሽስ?»

«እሱን አልነኩትም።»

«ታዲያ ደሙ ከየት መጣ?»

«ማህፀን ውስጥ የሚበቅለው ዓይነት ነገር ከውጭም በቅሎ በየወሩ ይደማል አሉኝ።»

«ከውጭ? እንዴት ሆኖ?»

«ለኔም አልገባኝም። ብቻ የወር አበባዬ ሲመጣ መሬት እስክቧጥጥ ድረስ ያመኝ ነበር። ስትወልጂ ይተውሻል ይሉኛል፤ መውለዱም እምቢ አለ።»

«እኔንም እንደዚያ ነበር የሚሉኝ።»

«ታዲያ ሲወልዱ ተወዎት?»

«የት ወልጄ! ባሌ መካን ናት ብሎ ሌላ አገባ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው፣

«በኔም ሆድ የነበረው ይሄ ይሆን?» አሉ።

«እኔ እንጃ እማማ።»

«እሱስ ሞተ። እናቱም ሞቱ። አሁን ይሄ ለማን ይነገራል?»

«አብሽሩ እማማ።»

የምወርድበት አቀስታ ደርሶ አለፈ፤ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።